ብሪጅ በድሬ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የምንመልሰው ከድሬዳዋና ከሐረር የደረሱንን ጥያቄዎች ነው። ለአዲስ አንባቢ ሲባል ቃላቱን በአጭሩ እናስቀምጥ። ስፔድ፣ ልብ፣ ዳይመንድና አበባን «ቀለም» እንላቸዋለን። አራቱ ተጫዋቾች አንድ አንድ ካርታ ሲጥሉ አንድ «ዙር» ይሆናል፤ በአንድ እደላ 13 ዙር አለ። ጨረታውን ያሸነፈው ወገን ይህን ያህል ዙር እበላለሁ ብሎ የገባው ቃል «ውል» ነው። ውሉን የሚጫወተው «ባለ ውል»፣ ካርታውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ እጁን አጣጥፎ የሚቀመጠው አጋሩ ደግሞ «ዳሚ» ይባላል። በውሉ ቁጥር ላይ ሁልጊዜ 6 ይደመራል፤ 3 ያለ ገዢ ቀለም ማለት 9 ዙር ነው፣ 4 ስፔድ ማለት 10። በውሉ የተጠራው ቀለም «ገዢ» ይሆናል፤ ትንሿ ካርታው እንኳ የሌላውን ቀለም ትቆርጣለች። በእጅ ያሉት የትላልቅ ካርታዎች ዋጋ ድምር «ነጥብ» ነው።

ጥያቄ፦ ደቡብ ተቀምጬ በ15 ነጥብ «1 ያለ ገዢ» ብዬ ከፈትኩ፤ አጋሬ 10 ነጥብ ይዞ ወደ 3 አሳደገው። ምዕራብ ስፔድ 5 ጣለ። አሱን ወዲያው በልቼ ዳይመንድ ውስጥ ፊኔስ (የጎደለው ትልቅ ካርታ በሚመቸን ተጋጣሚ እጅ ነው ብሎ ከሱ በምታንስ ካርታ ለመብላት መሞከር) ሞከርኩ፤ ምሥራቅ በንጉሥ በላኝና ስፔድ መለሰ። ከዚያ በኋላ ስፔዱን ጠራርገው በሉት፤ በአንድ ዙር ወደቅሁ። አጋሬ «አቦ፣ አስህን ምን አስቸኮለህ?» አለኝ። ፊኔሱ ቢሳካ ኖሮ እኮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። ጥፋቱ የዕድል ነው ወይስ የኔ? አራቱንም እጅ ጽፌ ልኬያለሁ። (ከሳቢያን)

መልስ፦ አጋርዎ ልክ ናቸው። የላኩልን እደላ ይኸው፦

ሰሜን (ዳሚ)፦ ስፔድ 7 4፤ ልብ ንጉሥ 6 3፤ ዳይመንድ አስ ንግሥት ጃክ 10 5፤ አበባ 8 6 4
ደቡብ (እርስዎ)፦ ስፔድ አስ 8 3፤ ልብ አስ 9 4፤ ዳይመንድ 9 4 2፤ አበባ አስ ንጉሥ 7 5
ምዕራብ፦ ስፔድ ንጉሥ ጃክ 9 5 2፤ ልብ ጃክ 8 2፤ ዳይመንድ 7 6፤ አበባ ጃክ 9 3
ምሥራቅ፦ ስፔድ ንግሥት 10 6፤ ልብ ንግሥት 10 7 5፤ ዳይመንድ ንጉሥ 8 3፤ አበባ ንግሥት 10 2

ዳሚው እንደተዘረጋ፣ ከዳሚው አንዲት ካርታ ሳትነሳ፣ ዙር መቁጠር ነበረብዎ። ያለ ምንም ጥረት የሚበሉት፦ ስፔድ 1፣ ልብ 2፣ አበባ 2፣ ዳይመንድ 1፤ ባጠቃላይ 6። ሦስት ይጎድላል፤ ሦስቱም ከዳይመንድ ነው የሚመጡት። አሁን ልብ ይበሉ፦ ዳይመንዱ ላይ ፊኔሱ ቢሳካ 5 ዙር ያገኛሉ፣ ባይሳካም 4 ያገኛሉ። በ4ቱ ውልዎ ይሞላል። እንግዲህ የዳይመንድ ንጉሥ የት እንዳለ ማወቅ ለዚህ ውል ምንም አያደርግም። ጥያቄው ሌላ ነው፦ ምሥራቅ በንጉሡ ሲበላ በእጁ ስፔድ ይኖረዋል ወይስ አይኖረውም?

እዚህ ላይ ሁለት አሮጌ ስሌቶች ይረዳሉ። አንደኛው የ11 ሕግ ነው። ተከላካይ ከረጅም ቀለሙ አራተኛዋን ትልቅ ካርታ ጥሎ ከጀመረ የካርታዋን ቁጥር ከ11 ይቀንሱ፤ 11 ሲቀነስ 5፣ 6 ይቀራል። ከ5 የሚበልጡ ስድስት ካርታዎች በቀሩት ሦስት እጆች ውስጥ አሉ ማለት ነው። እርስዎ አስና 8፣ ዳሚው 7፤ ሦስቱ ታወቁ። ስለዚህ ምሥራቅ ከ5 የሚበልጡ በትክክል ሦስት ስፔዶች አሉት። ሁለተኛው የ7 ሕግ ነው፤ አስዎን ስንት ጊዜ አምቀው እንደሚይዙ ይነግርዎታል። የራስዎንና የዳሚውን ስፔድ ይደምሩ፦ 3 እና 2፣ 5። ከ7 ሲቀነስ 2። ሁለት ጊዜ ይለፉ፣ በሦስተኛው ይብሉ።

ጨዋታው እንዲህ ይሄዳል። በመጀመሪያው ዙር ምሥራቅ ንግሥት ሲጥል እርስዎ 3ን ይሰጣሉ። ምሥራቅ 10ን ይመልሳል፣ 8ን ይሰጣሉ፣ ምዕራብ 2ን ይጥላል። ይህቺ 2 ትናገራለች፦ መጀመሪያ 5ን ጥሎ አሁን ከሷ በታች የሆነች ካርታ ካወጣ ምዕራብ አምስት ስፔድ ይዞ ነው የጀመረው። በሦስተኛው ዙር ምሥራቅ 6ን ሲጥል በአስ ይብሉ። አሁን የምሥራቅ እጅ ከስፔድ ነጽቷል። ከእጅዎ ዳይመንድ 9ን ይጣሉ፣ ከዳሚው 5ን ይስጡ (9ኟ ከበላች እጅዎ ላይ ሆነው ፊኔሱን መድገም ይችላሉ)። ምሥራቅ በንጉሥ በላ እንበል፤ የሚመልሰው ስፔድ የለውም። ልብም አበባም ቢመልስ ይብሉት፤ ስፔድ አስ፣ አራት ዳይመንድ፣ ሁለት ልብ፣ ሁለት አበባ፦ 9። የምዕራብ ንጉሥና ጃክ ስፔድ መግቢያ አጥተው እጁ ላይ ይቀራሉ።

ስፔዱ 4 ለ 4 ተከፍሎ ቢሆንስ? ያን ጊዜ ሦስት ስፔድና አንድ ዳይመንድ ነው የሚያጡት፤ 9ኙ አይነካም። ማመቁ የሚያስከፍልዎት ነገር አልነበረም።

ግን ይህን እንደ ጸሎት በቃል ይዘው የትም እንዳይጠቀሙበት። ፊኔሱ ሲከሽፍ ወደ ምዕራብ የሚሄድ ቢሆን፣ ማለትም ባለ ረጅሙ ስፔድ የሚበላዎት ቢሆን፣ አሱን ማመቅ ምሥራቅን ከስፔድ ያጸዳል እንጂ ምዕራብን አያቆመውም። ልብ ላይም አስና ንጉሥ ባይኖርዎት ኖሮ ስፔዱን ሲያሳልፉ ምሥራቅ ፊቱን ወደ ልብ አዙሮ የባሰ ይጎዳዎት ነበር። ስለዚህ ከማመቅ በፊት «ሌላው ቀለም ይችላል ወይ?» ብሎ ማየት የግድ ነው። ደካማ ተጫዋች አሱን የሚያጣው በመስገብገብ ነው፤ መካከለኛ ተጫዋች ደግሞ ማመቅን ከተማረ ጀምሮ ሁሉን በማመቅ።

ጥያቄ፦ ተጋጣሚዎቻችን ተጋላጭ ናቸው (ውል ሲሞሉ የሚያገኙት፣ ሲወድቁም የሚከፍሉት ይበዛል)፣ እኛ አይደለንም። ምዕራብ 1 ልብ አለ፣ እኔ ሰሜን ፓስ፣ ምሥራቅ 3 ልብ፣ አጋሬ ፓስ፣ ምዕራብ 4 ልብ። እኔ 4 ስፔድ አልኩ፣ ምሥራቅ ደብል አደረገኝ (አትሞላም ብሎ የመውደቂያውን ዋጋ አበዛብኝ)፣ በ3 ዙር ወደቅሁ። እጄ፦ ስፔድ ንጉሥ ንግሥት ጃክ 10 8 6፤ ልብ 4፤ ዳይመንድ 9 7 3፤ አበባ ጃክ 10 5። አጋሬ እስከ ማታ አላናገረችኝም። የአራቱ ጠረጴዛ ውጤት ሲወጣ እኛ ማይነስ 500፣ ሁለት ጠረጴዛ ላይ 4 ልብ ተሞልቶ ማይነስ 620፣ አንዱ ጠረጴዛ ላይ 3 ልብ ብለው ቆመው 10 ዙር በሉ፣ ማይነስ 170። (ከከዚራ)

መልስ፦ ለአጋርዎ ይህን ክፍል ያንብቡላቸው። በዱፕሊኬት እያንዳንዱ ውጤት፣ ያንኑ እጅ ከያዙት ጋር ይነጻጸራል፤ ለበለጡት እያንዳንዱ ጥንድ 2፣ ለተካከሉት 1 ነጥብ። በአራት ጠረጴዛ ከፍተኛው 6 ነው። ማይነስ 500 ሁለቱን 620ዎች ይበልጣል፣ ለ170ው ይሸነፋል፤ 4 ከ6 አግኝተዋል። ቁጣው አያስፈልግም ነበር።

የመሥዋዕት ጨረታ (ተጋጣሚ ውሉን ከሚሞላ ብሎ፣ እንደሚወድቁ እያወቁ ከፍ ያለ ውል መጥራት) ሙሉ በሙሉ በሚከተሉት ቁጥሮች ላይ ነው የሚቆመው። ደብል ተደርገው ሲወድቁ፣ ተጋላጭ ካልሆኑ፦ በ1 ዙር 100፣ በ2 300፣ በ3 500፣ በ4 800። ተጋላጭ ከሆኑ፦ 200፣ 500፣ 800፣ 1100። ተጋጣሚ 4 ልብን ቢሞላ ደግሞ ተጋላጭ ሆኖ 620፣ ሳይሆን 420 ያገኛል። ከነዚህ የሚወጣው ነገር ግልጽ ነው። እነሱ ተጋላጭ ሆነው እርስዎ ካልሆኑ እስከ 3 ዙር መውደቅ ያዋጣል። ሁለታችሁም ካልሆናችሁ እስከ 2። ሁለታችሁም ከሆናችሁ እስከ 2፣ እሱም 500 ለ620። እርስዎ ብቻ ተጋላጭ ከሆኑ እስከ 1። ይኸው እጅ በሌላ እደላ ላይ፣ እናንተ ተጋላጭ ሆናችሁ ቢመጣ፣ ውጤቱ ማይነስ 800 ነው፤ ከ6 ዜሮ።

ሌላም አደጋ አለ። የ170ው ጠረጴዛ እንደሚያሳየው ሁሉም 4 ልብ አይጠራም። ሦስቱም ጠረጴዛ 3 ላይ ቢቆም ኖሮ የእርስዎ 500 ዜሮ ነበር። መሥዋዕት የሚከፈለው ተጋጣሚ የደረሰበት ውል ሌላውም ጠረጴዛ በቀላሉ የሚደርስበት ሲሆን ነው። ከተጋጣሚ ወገን አንዱ አመንትቶ፣ ተገፍቶ ነው 4 ላይ የወጣው ከመሰለዎት ዝም ማለት ይሻላል፤ ምናልባትም ይወድቅልዎታል።

አንድ ጥፋት ግን አለብዎ፤ እሱም የመጀመሪያው ፓስ ነው። ስድስት ጠንካራ ስፔድና 7 ነጥብ፣ ተጋላጭ ሳይሆኑ፣ ከ1 ልብ በኋላ ወዲያው 2 ስፔድ የሚባልበት እጅ ነው። ይህ ደካማ ዝላይ ለአጋር ስድስት ስፔድ እንዳለዎት ይነግራል፣ ምሥራቅ ደግሞ እጁን በሁለተኛ ደረጃ ሳይሆን በሦስተኛ እንዲገልጽ ያስገድደዋል። እርስዎ ግን ተጋጣሚ እስኪነጋገር ጠብቀው፣ ሁሉን ካወቀ በኋላ ገቡ። ምሥራቅ ደብሉን ሳይጨነቅ ያወጣው ለዚህ ነው።

«ተጋላጭ» የሚለው ነገር ከየት እንደመጣ ለሚጠይቁ፦ በ1925 እ.ኤ.አ. ሃሮልድ ቫንደርቢልት የተባለው አሜሪካዊ በፓናማ ቦይ በኩል በመርከብ ሲጓዝ ነው የዛሬውን የውል ብሪጅ አቆጣጠር ከጓደኞቹ ጋር ሞክሮ ያወጣው።

ጥያቄ፦ ኮንከር ለምደን የመጣን ነን። አንዳንዱ ካርታ ሲጥል ጠረጴዛውን ይመታል፣ አንዳንዱ ሁለት ደቂቃ አስቦ ፓስ ይላል። ከዚህ በላይ ደግሞ ተጋጣሚዎቻችን አንዳንዴ በሶማሊኛ ይነጋገራሉ፤ እኛም በአማርኛና በኦሮምኛ። ይህ ይፈቀዳል? (ከሐረር፣ ጀጎል)

መልስ፦ ቋንቋው ችግር አይደለም፤ መነጋገሩ ነው። በጨረታና በጨዋታ ጊዜ አጋሮች መረጃ የሚለዋወጡት በጥሪያቸውና በሚጥሉት ካርታ ብቻ ነው። ድሬ ላይ አንድ ጠረጴዛ ሦስት ቋንቋ መስማቱ የተለመደ ስለሆነ፣ ከመጀመሩ በፊት ጥሪዎቹ በየትኛው ቋንቋ እንደሚባሉ ይስማሙ፤ ከዚያ በኋላ እደላው እስኪያልቅ ጨዋታ በአንደበት አይሁን። ለቡና የተቀመጠው ወሬ እደላው ካለቀ በኋላ ይቀጥላል።

ስለ ማሰብ ግን ብዙዎች ይሳሳታሉ። ማሰብ ጥፋት አይደለም፤ የፈለጉትን ያህል ያስቡ። ጥፋት የሚሆነው አጋር በማሰብዎ ሲጠቀም ነው። እርስዎ 3 ስፔድ ብለው ተጋጣሚ 4 ልብ ካለ በኋላ አጋርዎ ረጅም ጊዜ አስበው ፓስ ካሉ «የሆነ ነገር አላቸው» ብሎ መገመት ቀላል ነው። ያን ጊዜ በእጅዎ ፓስም 4 ስፔድም ተገቢ አማራጭ ከሆኑ፣ ማመንታቱ የሚገፋዎትን መምረጥ ክልክል ነው። ማንም አስተዋይ ተጫዋች በዚያ እጅ ፓስ የማይል ከሆነ ግን 4 ስፔድ ይበሉ፤ መብትዎ ነው። ጠረጴዛ መምታት፣ ትንፋሽ ማውጣት፣ «ኡፍ» ማለትም እንደ ማመንታቱ ይቆጠራሉ።

የምስጢር ስምምነትም አይፈቀድም። አንድ ጥሪ ለአጋርዎ ምን ማለት እንደሆነ ተጋጣሚ ከጠየቀ፣ የሚያስረዳው የጠራው ሰው ራሱ ሳይሆን አጋሩ ነው። ይህን ተገላቢጦሽ የሚያደርጉ ቡድኖች ብዙ ናቸው፤ ጠሪው ራሱ ሲያስረዳ ለአጋሩም መንገር ነው የሚሆነው።

ጥያቄ፦ ተከላካይ አበባ እያለው አበባ ሲጣል በገዢ ቀለም ቆረጠ፣ ዙሩንም በላ። ከአራት ዙር በኋላ አበባዋ ከእጁ ወጣች። ጠረጴዛው ተበጠበጠ። ስንት ዙር ይመለሳል? (ከለገሃሬ)

መልስ፦ ቀለም መካድ ይባላል፤ የ2017ቱ የዱፕሊኬት ሕግ በግልጽ ይዳኘዋል። የካደው ተጫዋች ራሱ ዙሩን ከበላ፣ ያ ዙርና ከዚያ በኋላ ወገኑ ከበላቸው አንዱ ለተጋጣሚ ይተላለፋሉ፦ 2 ዙር። ከዚያ በኋላ ምንም ካልበሉ 1 ብቻ። ዙሩን የበላው እሱ ካልሆነ ደግሞ፣ ወገኑ ያንን ዙር ወይም ከዚያ በኋላ አንድ እንኳ ከበላ 1 ዙር ይተላለፋል። እርስዎ በጻፉት መሠረት ተከላካዩ ራሱ በልቷል፣ ወገኑም ከዚያ በኋላ ሌላ ዙር በልቶ ከሆነ 2 ይመለሳል። ክህደቱ ከዚህ በላይ ጎድቶ ከሆነ ዳኛው ተጨማሪ ሊመልስ ይችላል።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ክህደቱ «ከጸና» ነው፤ የሚጸናውም የካደው ወይም አጋሩ ለሚቀጥለው ዙር ካርታ ሲጥል ነው። ከዚያ በፊት ከታወቀ ይታረማል። የተከላካይ የተሳሳተች ካርታ ጠረጴዛ ላይ ተገልጣ የቅጣት ካርታ ትሆናለች፤ የባለ ውሉ ግን ያለ ቅጣት ወደ እጁ ትመለሳለች። በ12ኛው ዙር የተካደ ግን ቢጸናም እንኳ፣ የአራቱም ካርታ ወደ ቦታው ሳይመለስ ከታወቀ ይታረማል።

ከሁሉ የሚሻለው እንዳይደርስ ማድረግ ነው። ዳሚ እጁን አጣጥፎ ቢቀመጥም አንድ ሥራ አለው፦ ባለ ውሉ ቀለም ሲያጣ «አበባ የለህም?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። ተከላካይን ግን ዳሚ አይጠይቅም። ቀይ በቀይ፣ ጥቁር በጥቁር አጠገብ ለአጠገብ አድርገው የሚይዙ ብዙ ይክዳሉ፤ ካርታዎን ሲደረድሩ ቀይና ጥቁር ያፈራርቁ።

ጥያቄ፦ 16 ሰዎች ነን፣ አራት ጠረጴዛ። ቦርድ የለንም። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ አይጣል ነው፣ ቬንትሌተር ሲከፈት ካርታው ይበራል። ሁሉም ጥንድ ያንኑ እጅ እንዲጫወት እንዴት እናድርግ? (ከገንደ ቆሬ)

መልስ፦ ቦርድ የሚባለው የተጫወታችሁትን እጅ ሳይደባለቅ ለሚቀጥለው ጠረጴዛ የሚያሻግር ዕቃ ብቻ ነው። ጠንካራ ካርቶን ላይ አራት ኪስ ለጥፋችሁ ሰሜን፣ ደቡብ፣ ምሥራቅ፣ ምዕራብ ብላችሁ ጻፉበት። 16 ቦርድና ለያንዳንዱ አንድ አንድ ጥቅል ካርታ ያስፈልጋል። ሲጫወቱ ካርታውን መሐል ላይ አትጣሉ፤ እያንዳንዱ ፊት ለፊቱ ይገልጥና ዙሩ ሲያልቅ ይገለብጠዋል፤ የበላውን ወደ አጋሩ በቁሙ፣ ያጣውን ወደ ተጋጣሚ በአግድም። መጨረሻ ላይ 13ቱን ወደ ኪሱ ይመልሳል፤ ከመመለሱ በፊት 13 መሆናቸውን ቆጥሮ። ሌላው ጠረጴዛ 12 እና 14 ካርታ ሲደርሰው የሚጀመረው ጭቅጭቅ ማቆሚያ የለውም።

በየቦርዱ ጀማሪ (በጨረታው መጀመሪያ የሚጠራው) እና ተጋላጭ ይጻፍ። ጀማሪው ከ1 ጀምሮ ሰሜን፣ ምሥራቅ፣ ደቡብ፣ ምዕራብ እያለ ይዞራል። ተጋላጭነቱ ከ1 እስከ 16፦ ማንም፣ ሰሜን-ደቡብ፣ ምሥራቅ-ምዕራብ፣ ሁሉም፤ ሰሜን-ደቡብ፣ ምሥራቅ-ምዕራብ፣ ሁሉም፣ ማንም፤ ምሥራቅ-ምዕራብ፣ ሁሉም፣ ማንም፣ ሰሜን-ደቡብ፤ ሁሉም፣ ማንም፣ ሰሜን-ደቡብ፣ ምሥራቅ-ምዕራብ።

አራት ፈረቃ፣ በፈረቃ 4 ቦርድ፣ ለአንድ ቦርድ 7 ደቂቃ ተኩል፤ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ሰሜንና ደቡብ ከቦታቸው አይነሱም። ምሥራቅና ምዕራብ በየፈረቃው ወደሚቀጥለው ከፍተኛ ቁጥር ጠረጴዛ ይሄዳሉ፣ ከ4 ወደ 1። ቦርዱ በተቃራኒው ወደ ታች ይወርዳል። እዚህ ላይ የጠረጴዛው ብዛት ለሁለት እኩል የሚካፈል ቁጥር ሲሆን የሚታወቅ ወጥመድ አለ፦ ዝም ብላችሁ ካዞራችሁት በሦስተኛው ፈረቃ ጥንዶች የተጫወቱትን ቦርድ ደግመው ያገኙታል። መፍትሔው በጠረጴዛ 2 እና 3 መካከል አንድ ባዶ ወንበር ማስቀመጥ ነው። ቦርድ ከ3 ሲወርድ ወንበሩ ላይ አንድ ፈረቃ ያርፋል፣ ከዚያ ወደ 2፣ ከ2 ወደ 1። ጠረጴዛ 1 እና 4 ደግሞ ያንኑ አራት ቦርድ በጋራ ይጫወታሉ፦ አንዱ ሁለቱን ሲጫወት ሌላው ሌሎቹን ሁለት፣ ከዚያ ይለዋወጣሉ። ስለዚህ 1 እና 4 አጠገብ ለአጠገብ ቢሆኑ ይመረጣል። ከነሱ የወጣው ወደ 3 ይሄዳል።

ስለ ሙቀቱ፦ የወረቀት ካርታ በላብ ይያያዛል፣ ሁለት ካርታ አንድ ላይ ይወድቃል፤ ሁለት ሳምንትም አይቆይም። ፕላስቲክ ካርታ ዋጋው ከፍ ቢልም ታጥቦ ይደርቃል። ቬንትሌተሩን ወደ ግድግዳ አዙሩት፣ ነፋሱ ተመልሶ ይምጣ። በር ላይ የምትጫወቱ ከሆነ ዳሚው የዘረጋው ካርታ ጫፍ ላይ የቡና ሲኒ ማስቀመጥ ያዋጣል፣ ባዶውን።

ጥያቄ፦ እኔና ዳሚው በአንድ ቀለም ውስጥ 9 ካርታ አለን፣ ንግሥቷ ጎደለች። ፊኔስ ነው ወይስ አስና ንጉሥ መጣል? (ከአፈተሳ)

መልስ፦ ሌላ ፍንጭ ከሌለ አስና ንጉሥ። 4ቱ የጎደሉት ካርታዎች 2 ለ 2 የሚከፈሉት 40.7 በመቶ ሲሆን፣ ብቻዋን የምትወድቅ ንግሥት ሲጨመር 53 በመቶ ያህል ይሳካል። ከፊኔሱ ያለው ብልጫ ግን ከ2 በመቶ በታች ነው፤ በጨረታው አንዱ ተጋጣሚ ሌላ ረጅም ቀለም ካሳየ ንግሥቷ ከሌላው ጋር የመሆን ዕድሏ ይጨምርና ፊኔሱ ይሻላል። 8 ካርታ ብቻ ካላችሁ ያለ ጥርጥር ፊኔስ፤ አስና ንጉሥ ንግሥቷን የሚያወርዱት 33 በመቶ ያህል ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ከ9 የምትበልጥ አንዲት ካርታ የሌለችበት እጅ ደረሰኝ። ካርታው አልተበወዘም ብዬ እደላው ይደገም ማለት እችላለሁ? (ከነምበር ዋን)

መልስ፦ አይቻልም። ያርቦሮ ይባላል፤ ከ1,828 እጅ አንዴ የሚመጣ ነው። ስሙ የመጣው እንዲህ ያለ እጅ አይደርስህም ብሎ 1,000 ለ 1 ይወራረድ ከነበረ እንግሊዛዊ ሎርድ ነው፤ ዕድሉን አይታችሁ ማን ያተርፍ እንደነበር አስሉት። እርስዎ ፓስ ይበሉ። አጋርዎ ስፔድ ጠርተው አራት ስፔድ ካለዎት ግን በልብዎ ዜሮ ብለው አይጻፉት፤ አራት ገዢ ካርታና አንዲት ነጠላ ልብ ሁለት ዙር ትቆርጥልዎታለች።